የአማቴ መኪና ፊት

አማቴ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለተዝካር ወደ ወገል ጤና ተነሡ። እኔ መኪናቸውን ስሰብር ጋሸና ላይ ቁርሳቸውን እንኳ አልጨረሱም ነበር።

ጥፋት ጊዜ ይፈልጋል የሚሉ ሰዎች አሉ። አይፈልግም። ጥፋት የሚፈልገው ባዶ ግቢና ቁልፍ የያዘ ሰው ነው።

መቼም አማቴን አታውቋቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በር ሲገቡ አንገታቸውን ጎንበስ የሚያደርጉ ረጅም ሰው ናቸው። ንግግር አያበዙም። ልጃቸውን ዝናሽን ካገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ሁሉ ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። «ደህና አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ ደህና አደሩ?» «ይመስገን።» አለቀ። ቀሪውን ሰዓት መኪናቸውን ሲያዩ ይውላሉ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ሳይ እውላለሁ።

መኪናዋ አሮጌ ሃርድቶፕ ናት። ዕድሜዋ ከሚስቴ ይበልጣል፤ ይህን ግን ሁለቱም ፊት አልናገርም። አማቴ «እሷ» ነው የሚሏት። ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ የእሷን ፊት በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ መሆን ድሮ ሙያ ነበር፤ አሁን አሁን ጸሎት ሆኗል። እንግዳ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ብልጭ ያለውም ቢሆን ከከተማ ውጪ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለማየት መኪና ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ስከራይ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በሚስቴ በኩል፣ አንገቴን ሰብሬ፣ መኪናዋን ለሥራ እንዲሰጡኝ አስጠየቅኋቸው። መልሳቸው «ስመለስ እናያለን» ሆነ። ያን ጠዋት ከዘመዶቻቸው ጋር በተከራዩት ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲሉ ጠሩኝና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ጠዋት ጠዋት አስነሣት። አታንቀሳቅሳት።»

ይህ በሰባት ዓመት ውስጥ ያደረጉልኝ ረጅሙ ንግግር ነው። እኔም ግማሹን ሰማሁ።

አስነሣኋት። ሞተሩ አጉረመረመ። ከዚያ «ታጥባ ብትቆያቸው ደስ አይላቸውም?» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ልብ አድርጉልኝ፤ በሕይወቴ ያጠፋሁት ጥፋት ሁሉ የጀመረው ሰውን ደስ ለማሰኘት ነው። ውኃው ያለው ከግቢያችን ሁለት መቶ ሜትር ቁልቁል ነው። ሁለት መቶ ሜትር ደግሞ መንቀሳቀስ አይባልም አልኩ፤ መጠጋት ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ቀጭኗ መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ የባሕር ዛፍ አጠና የጫነች አህያ እየነዳ ከፊቴ ይሄዳል። የአጠናው ጫፍ በአህያዋ በስተኋላ ሁለት ክንድ ያህል ወጥቷል። እኔ ቆምኩ። መቆሜ ይመዝገብልኝ። ቆሜም «መጣሁ» ለማለት ያህል ጡሩምባ ነፋሁ።

አህያዋ ወደ ፊት የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ደንግጣ ወደ ኋላ መጣች።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደረቅ ቂጣ ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። ስወርድ የመኪናዋ የፊት ፍርግርግ፣ መካኒኮቹ ግሪል የሚሉት፣ ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረ ፕላስቲክ ስለነበር፣ መሬት ላይ ተበትኗል። በግራ መብራቱ ዙሪያ ያለው ክፈፍም አብሮ ወድቋል። በቀዳዳው ውስጥ ራዲያተሩ እንደ ሆድ ዕቃ ይታያል። ባለ አህያው አጠናዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰና፣

«ወንድሜ፣ አህያ ጡሩምባ አያውቅም» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ያደረግሁትን ስነግራችሁ አትፍረዱብኝ። ስብርባሪውን ለቃቅሜ በፌስታል አሰርኩና ገደል ወረወርኩት። ለምን? አላውቅም። ሌባ እንኳ ዕቃ ሰርቆ ነው የሚደብቀው፤ እኔ ግን አንዲት ሳንቲም ሳልሰርቅ ማስረጃ አጠፋሁ።

ወደ ግቢ ስመልሳት ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጥርሷን ምን አደረግካት?»

«አህያ ናት።»

«ማን?»

ነገርኳት። ዝናሽ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከአባቷ የወረሰችው ነው። «አሁኑኑ ለአባዬ ደውልና ንገረው» አለች።

«‹ስመለስ እናያለን› ብለው ይህን ይዩ? እስከ ረቡዕ አይመለሱም። እስከዚያ አስጠግናታለሁ።»

«እኔ አልነግርብህም» አለች። «ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በገዛ ቤቴ ከምስክር ጋር መኖር ጀመርኩ።

ሙላት የሚባል መካኒክ አለ። መጥቶ አንዴ አየና፣ «ይህ ዕቃ አሁን ወልድያ ብትሄድ፣ ደሴ ብትወርድ አታገኘውም» አለኝ። ፊቴ ሲለወጥ አይቶ አዘነልኝ መሰል፣ «ጋሸና ግን ከአንዲት ሴትዮ ምግብ ቤት ጀርባ እህቷ ወድቃለች። የዚያችኛዋ ብረት ነው። ልኩ አንድ ነው፤ ቀለም ከተቀባ የሠራው ፋብሪካ ካልሆነ ማንም አይለየውም» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሸና ወረድኩ። መስቀለኛው ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ምሳቸውን እየበሉ ነው። የምግብ ቤቷ ባለቤት እትዬ ስንዱ ይባላሉ፤ ክንዳቸው የዳቦ ዱቄት የለመደ፣ ዓይናቸው ሰው የለመደ ሴት ናቸው። ጀርባ ወስደው አሳዩኝ። የተባለችው መኪና ጎማ የላት፣ መስኮት የላት፣ ወንበሯ ላይ ሣር በቅሏል። እኔ ግን ያየሁት ፊቷን ነው። ፊቷ የለም።

«እትዬ፣ የፊቱ ፍርግርግስ?»

«ኸዚያ ማዶ» አሉና በእጃቸው አሳዩኝ።

ከነመብራቱ ክፈፍ የዶሮ ቤት በር ሆኗል። ከፍርግርጉ ኋላ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሾፌር ያየኛል።

«ይሽጡልኝ» አልኩ።

«ይኸን? አይሆንም። ሸለምጥማጥ ዶሮዎቼን አንድ በአንድ ሲለቅማቸው ነው ይኸን ያደረግሁት። ኸዚያ ወዲህ ላባ አልጎደለብኝም።»

«ጥሩ አድርጌ ልክፈልዎት?»

«ገንዘብ ሸለምጥማጥ ያግዳል?»

እውነታቸውን ነው። ፊቴ ላይ ያዩትን ነገር እንጃ፤ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የነጣኸው?» አሉኝ። የአማቴን ነገር ነገርኳቸው። ስም አልጠራሁም፤ ይህችን ታህል ብልጠት እግዜር አላሳጣኝም። አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «በል እንዲያ ኸሆነ ሌላ በር ሥራልኝና ውሰድ» አሉ።

ጣውላ አገኘሁ። መዶሻም ከአንድ ሾፌር ተዋስኩ። የመጀመሪያውን ምስማር እንደ መታሁ እትዬ ስንዱ ከወጥ ቤት በጩኸት ወጡ። «አንተ! በሰንበት? ግቢዬ ውስጥ በሰንበት ምስማር አይመታም!»

«እዚህ አድሬ ነገ ልሥራው ብል ጊዜ የለኝም፣ እትዬ። በሽቦ ባስረውስ?»

ማማሰያቸውን እንደ ያዙ አሰቡ። «ማሰር ድምፅ የለውም። እሰር።»

አሰርኩ። ሾፌሮቹ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ከበቡኝ። አንዱ ወደ ግራ ይከፈት ይላል፤ አንዱ የለም ወደ ቀኝ ይላል፤ ሦስተኛው እኔ መቼም የዶሮ ቤት ብሠራ በር አላደርግለትም አለ። ከሰዓት ሁሉ እዚያ ተንበርክኬ ዋልኩ። በመጨረሻ እትዬ ስንዱ መጡና እጃቸውን እንደ ሸለምጥማጥ አድርገው በየቀዳዳው ሞከሩ። አልገባላቸውም። «ሸጋ ነው» አሉ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ስመለስ ፍርግርጉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ መነኩሴ ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ የእስር ቤት መስኮት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይ አባ፣ የመኪና ፊት ነው።»

«ሰውነቱስ?»

«ቤት ነው ያለው፣ አባ።»

«እንግዲያው እግዜር ያገናኛችሁ» ብለው አማተቡ።

ሰኞ ጠዋት ማጽዳት ጀመርኩ። የዶሮ ኩስ ሲደርቅ ሲሚንቶ እንደሚሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሙቅ ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ በቢላዋ ፋቅሁት፤ ከሥሩ ዝገት ወጣ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ የጣቴ ቆዳም አብሮ ሄደ። ሽታው ጋቢዬ ውስጥ ገብቶ ዝናሽ «ከዶሮ ጋር ነው እንዴ ያደርከው?» አለችኝ። ቀለም መቀባቱ ግን እኔ የምደፍረው አልነበረም። እኔ የቀባሁት አንድ በር አለ፤ እስካሁን ሰው የሚገባው በመስኮት ነው ብል አጋነንኩ፣ ግን ብዙ አላጋነንኩም።

ወዳጄ አባተ ሠዓሊ ነው። በፍየል ቆዳ ላይ ቅዱሳንን እየሣለ ለእንግዳ ይሸጣል፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። መጣና ከመኪናዋ ጎን ቆሞ ራሱን ዘንበል አደረገ።

«አንዱ መብራቷ ክፈፉ ወድቆ የጨፈነ ይመስላል። በአንድ ዓይን ናት» አለ። «እኛ በአንድ ዓይን የምንሥለው ማንን እንደሆነ ታውቃለህ?»

በየቀኑ ለእንግዳ የምናገረው እኔ አይደለሁ? «ክፉዎችን» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው ቶሎ እንሥራላት። የፍርግርጓ ቀለም ምን ነበር?»

ሰባት ዓመት ጠዋት ማታ ያየሁት ነገር ቀለሙ ጠፋብኝ! ዝናሽን ጠራኋት። «አባዬ ራሱ ነው በየዓመቱ የሚቀባው» አለች።

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«እንደ አህያ ዓይነት።»

ሆን ብላ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ጥቁር ነው፣ ጥቁር!» አለ። የሠርጋችንን ፎቶ አወጣን፤ መኪናዋ አለች፣ ፊቷ ግን በአበባ ተሸፍኗል። የልጆቻችንን ክርስትና አወጣን፤ አማቴ ራሳቸው ፊቷ ላይ ቆመው ጋርደዋታል። ያገኘነው ፎቶ ሁሉ ላይ አንድ ሰው ፊቷ ላይ ቆሟል።

«ስብርባሪው የታለ? ከሱ አይቼ እበጥብጠው» አለ አባተ።

ወደ ገደሉ አየሁ። አባተም ወደ ገደሉ አየ። ምንም አላለኝም፤ ወዳጅነት ማለት ያ ነው።

በመጨረሻ የሚስቴ ምስክርነት አሸነፈና አባተ አመድማ ቀለም በጠበጠ። መጀመሪያ የዝገት መከላከያ ቀባው፤ ከዚያ ቁጭ አለ።

«ምነው?» አልኩ።

«ይደርቃላ። የቅዱስ ፊት ስሥል እኔ ሁለት ቀን አቆየዋለሁ።»

«አባተ፣ ይህ ቅዱስ አይደለም!»

«ፊት ነው» አለኝ። ከዚያ በላይ ንቅንቅ አላለም።

ማክሰኞ ጠዋት አመድማውን ደረበና ከቤቱ ክዳን ሥር በገመድ አንጠለጠልነው። ወዲያው ካፊያ ጀመረ። ጉምም ከተራራው ወርዶ ግቢው ውስጥ ገባ። በጣቴ ጫፍ ስነካው ይይዘኛል፤ ዝንብ ስታርፍበት እዚያው ትቀራለች፤ አባተ በመርፌ እያነሣ ያሰናብታታል። ቢሆንም ረቡዕ ነው የሚመጡት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አባባ! ደህና ዋሉ?»

«ይመስገን። የተዝካሩ ሥራ ቀድሞ አለቀ። ጋሸና ነን፤ ምሳ በልተን እንነሣለን።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ይልቅ እዚህ አንዲት ሴትዮ አዲስ የዶሮ ቤት በር አሠርታ ለበላተኛው ሁሉ ታሳያለች። ምስማር የሌለው፣ ሽቦ ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ማነው የሠራልሽ ብላት…»

መስመሩ ተቋረጠ።

«ብላት» በሚለው ቃል ላይ የተቋረጠ ስልክ ደርሶባችሁ ያውቃል? እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ። ብለዋት ምን አለች? አንድ አጭር የላሊበላ ሰው አለች? አማቱን እንደሚፈራ ነገረኝ አለች? መልሼ ደወልኩ፤ አይነሣም። እንዲነሣም አልፈለግሁም።

ያን ጊዜ ነው ዝናሽ ከቤት የወጣችው። ፊቴን አየችው፤ ጋሸና ደርሰዋል አልኳት። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ዳኛ ስታየኝ የከረመችው ሴት ነጠላዋን አጣፋችና በፍርግርጉ ሥር ሁለት እንጨት አሳልፋ አንዱን ጫፍ አንሥታ «ያዝ በዚያ በኩል» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ሰብለ ጋ።»

ሰብለ የሴቶች ጸጉር ቤት ያላት ጓደኛዋ ናት። በካፊያው ውስጥ ፍርግርጉን እንደ ቃሬዛ ተሸክመን፣ አባተ ከላይ ዣንጥላ ይዞልን ስንሄድ ያየ ሰው ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሰብለ ቤት ሁለት ካስክ፣ ጭንቅላት ላይ የሚደፋ የጸጉር ማድረቂያ፣ አለ። ከአንዱ ሥር አንዲት ወይዘሮ ጸጉራቸውን ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሌላኛው ሥር ወንበር ላይ ፍርግርጉን አስቀመጥነው፤ ሰብለም ምንም ሳትደነቅ ካስኩን ዝቅ አድርጋ ሙቀቱን ለቀቀችበት።

ወይዘሮዋ ወደ ጎን አዩ። «ይቺስ ምኗን ልትሠራ ነው?»

«ማድረቅ ብቻ ነው፣ እማማ» አለች ሰብለ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወደ መንገዱ አያለሁ፤ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ የሳቸው ይመስለኛል። ቀለሙ መጣበቅ ተወ፤ አንጸባረቀ። አባተ «ግማሽ ሰዓት ብቻ ጨምሩልኝ» ሲል መብራት ጠፋ። ወይዘሮዋ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። ያለንን ካርቶን ሁሉ ይዘን ማራገብ ጀመርን፤ እውነቱን ለመናገር ሰብለ ወይዘሮዋን ታራግባለች፣ እኛ ሦስታችን ፍርግርጉን።

ቤት ስንደርስ ሩጫ ነበር። ልኩ ገጠመ! ሙላት እውነቱን ነው፣ እህቷ ናት። ሁለት ብሎን ግን ጎደለ፤ ያን ቦታ በሽቦ አሰርኩት፤ መቼም ሽቦ ማሰር ሙያዬ ሆኗል። አባተ በቀጭኗ ብሩሹ፣ የቅዱሳንን ሽፋሽፍት በሚሥልባት፣ የብሎኖቹን ራስ እየነካካ ሳለ የውጭው በር ተንኳኳ።

ዝናሽ ከፈተች። አማቴ ጎንበስ ብለው ገቡ።

አባተ ብሩሹን እጅጌው ውስጥ ከተተ። «አባተ፣ ምን እግር ጣለህ?» አሉት።

«እንዲያው… ለሰላምታ ነው፣ ጋሼ» አለ። አመድማ ቀለም ከእጅጌው ጫፍ እየተንጠባጠበ ሰላምታ ሰጥቶ ሹልክ አለ።

አማቴ መኪናዋ ፊት ቆሙ። እኔ የማየው እጃቸውን ብቻ ነው። ቢነኳት ቀለሙ ገና ነው። አንዴ ቀኝ እጃቸው ተነሣ፤ ዝናብ የነካውን ጢማቸውን ጠረጉበት። «እንዴት ሰነበታችሁ?» አሉ። ደህና አልናቸው። አልፈው ሄዱ! እግራቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ፣ የወገል ጤናን ዘመዶች ደህንነት ነገሩን። ስለ ዶሮ ቤቱ ምንም አላነሡም። ልቤ ቀስ በቀስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ዝናሽን በዓይኔ «አየሽ?» አልኳት።

«ቁልፉን አምጣልኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ጉልበታቸው መሪው ላይ ጓ! አለ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንዱ ውጪ ሆኖ ቀሩ። 

«ማነው ወንበሩን ወደ ፊት የሳበው?»

አሁን ስታስቡት፣ ለዚህ ጥያቄ ሺህ መልስ አለው። ስጠርግ ነው ማለት ይቻላል። ልጆቹ ናቸው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ የታፈነ ሰው ነበርኩ፤ ፈነዳሁ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ! አንቀሳቀስኳት! አህያ ወደ ኋላ መጣችብኝ፤ ግሪሏን ሰበረችው፤ ስብርባሪውን ገደል ጣልኩት። ይህ የሷ አይደለም፣ የጋሸና ነው፤ የዶሮ ቤት በር ነበር፤ ያዩትን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን አባተ ነው የቀባው፤ ያደረቅነው ሴቶች ጸጉር ቤት ነው…»

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቆምኩ። አማቴ እግራቸውን ቀስ ብለው አወጡ።

«እኔ የጠየቅሁህ» አሉ፣ «ስለ ወንበሩ ነው።»

አላወቁም ነበር። ምንም አላወቁም ነበር! ዝናሽ በረንዳው ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አማቴ ወደ ፊት ዞረው ሄዱ። አጎነበሱ። ፍርግርጉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ በሽቦ የታሰረውን አዩት፤ በአመልካች ጣታቸው አንዱን ዘንግ ዳሰሱት። ጣታቸው አመድማ ሆኖ ተመለሰ።

«ለምን ደውለህ አልነገርከኝም?»

«ፈርቼዎት ነው፣ አባባ።»

«ምን አድርጌህ አውቃለሁ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰባት ዓመቱን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩት። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ከፍ ዝቅ አድርገውኝ አያውቁም። ልጆቼ ሲታመሙ ከኔ በፊት ሐኪም ቤት የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ያደረጉኝ ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው፤ እኔም ዝምታቸው ውስጥ ያሻኝን ሁሉ ስሞላበት ኖሬአለሁ።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላደረጉኝም።»

«እኔ ሰው ማናገር አልችልበትም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ስነዳ አፌ ዘጋ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ሳይሆን መሬቱን ነበር።

ሰው የሚለው ሲጠፋው ሥራ ይፈልጋል፤ እኔም ወደ በሩ ሄጄ ጎንበስ አልኩና፣ «ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልስልዎ፣ አባባ?» አልኩ።

«ተወው።»

«ጉልበትዎን…»

«ተወው አልኩህ። በልክህ ይሁን። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

ዞረው በዚያኛው በር ገቡ። ቁልፉን እንደገና እጄ ላይ አስቀመጡ። ተቀመጥኩ፤ አስነሣኋት። ዝናሽ የግቢውን በር በሰፊው ከፈተችው። እስከ ውኃው ድረስ ያለችው ሁለት መቶ ሜትር ላይ አማቴ ስምንት ጊዜ «ቀስ!» አሉኝ። ዘጠነኛውን ግን እየሳቁ ነው ያሉት።